የማን እጅ ነበር

የእናታችንን አርባ ባወጣን ማታ፣
ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መብራት በጠፋበት፣
ድንኳኑ ተነቅሎ፣ የኪራይ ወንበሩ ደረጃው ላይ ተደርድሮ፣
ምትኩ የወንዙን ወሬ ጀመረ።

«ያኔ ውብሸትን ከአቃቂ ወንዝ ሳወጣው» አለ፣
«ትናንት ታክሲ ስጠብቅ» እንደሚል ሰው፣ ሳይጨነቅ።
ሻማውን እያስተካከልኩ ቀና አልኩ።
«ማን? አንተ?»

ያወጣሁት እኔ ነኛ!
መዳፌ ያውቃል፤
ትንሿ እጁ እንደ ሳሙና ስትሾልክ፣
በሁለት ጣቴ የእጅጌውን ጫፍ ስይዝ፣
የሹራቡ ክር ሲተረተር።
ቀይ ሹራብ፤ አይ፣ ሰማያዊ፤
ክሩ ግን እርግጥ ነው፣ ክሩ እስከ ዛሬ ጣቴ ላይ አለ።

«አንቺማ ዳር ቆመሽ ታለቅሺ ነበር።
ጠልቄ በፀጉሩ የጎተትኩት እኔ ነኝ።»
«በምን ፀጉሩ? ቆረቆር ወጥቶበት በምላጭ ተላጭቶ!»
«እሱ በዓመቱ ነው!»
ሁለታችንም ጮኽን። ሁለታችንም ማልን፣
ገና ባልደረቀ የእናታችን አፈር።

ውብሸት መሃል ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል።
የሰመጠው እሱ ነው፤ ዛሬ የአርባ ሁለት ዓመት ሰው፣ የሲኖትራክ ሹፌር።
ጠየቅነው።
«እኔ እንጃ» አለ። «ትዝ የምትለኝ አንዲት ላም ናት፤
ማዶ ቆማ ስታመነዥክ።»
ሌላ የለም። ላም ብቻ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤
እኛ ቤት ተገልብጦ፣ የሰመጠው ረስቶ
ዳር የነበሩት ይጣላሉ።

ጥግ ላይ የእድሩን ሳህን ስትቆጥር የቆየችው እትዬ ድንቂቱ
ሠላሳ ስድስት ላይ ቆመች።
«ሁለታችሁም አይደላችሁም» አለች።
«እናታችሁ ናት። ከነቀሚሷ ዘላ የገባችው እሷ ናት።
እናንተማ ጠብቁት ተብላችሁ
ብይ ስትጫወቱ ነው የጠፋባችሁ።
ከዚያ ሌሊት ሌሊት እየባነናችሁ ብታስቸግሯት፣
አንቺን ለብቻሽ ‹አንቺ እኮ ነሽ ያወጣሽው› አለችሽ፣
እሱን ለብቻው ‹አንተ እኮ ነህ›።
እንቅልፍ እንዲወስዳችሁ ነው።
ሠላሳ ሰባት።»

ሻማው ቀለጠ። ማንም ሌላ አልለኮሰም።

ለካ እናት ትዝታም ታለብሳለች፤
የጥፋታችንን ሹራብ በሌሊት ተርትራ፣
በዚያው ክር፣ በየልካችን፣ ጀግንነት ሠርታ።
እኛም ሳናወልቀው አደግን፣
ክንዱ ሲያጥረን እየጎተትን።

ግን ለእትዬ ድንቂቱስ ማን መሰከረላት?
«ሰኔ ሚካኤል ነበር» አለች፤ አቃቂ የሚሞላው በነሐሴ ነው።
«ቢጫ ጀሪካኗን ጥላ» አለች፤ እኛ ቤት ጀሪካን የገባው ኋላ ነው፣
ያን ጊዜ በእንስራ ነበር የምንቀዳው።
ይመስለኛል።

ማለዳ ሦስታችን ወደ ወንዙ ወረድን።
ቤታችን የነበረበት ቦታ ብሎኬት ይመረትበታል፤
ከሲሚንቶው አቧራ ጀርባ ያ ባሕር ያልነው ውሃ
በአንድ እርምጃ ይዘለላል፤ ጥቁር፣ አረፋ የሚደፍቅ፣
አንድ እግር ነጠላ ጫማ የሚሽከረከርበት።
«ያኔማ ሰፊ ነበር» አለ ምትኩ።
«ሰፊ ነበር» አልኩ።
ውብሸት ማዶ ማዶውን ያያል፣
ላሟ ገና ያልሄደች ይመስል።

ትንሽ ቆይቶ ምትኩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«አሁን ትዝ አለኝ» አለ።
«ቀሚሷ አረንጓዴ ነበር፤ ውሃው ላይ እንደ ጃንጥላ ተነፍቶ...»
እትዬ ድንቂቱ ስለ ቀለም አንድም ቃል አልተነፈሰችም።
ልከራከረው አፌን ከፈትኩ፤
ግን እኔም አየኋት፣
አረንጓዴ፣ የተነፋ፣
ወገቧ ድረስ ውሃ ውስጥ፣ ፊቷን ወደኛ አዙራ።

እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።
ክሩ እዚያው አለ።